ጨዋታ ሠሪዎች ከመቀስና ከወረቀት ጋራ



ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንዲት እናት በመንገድ አግኝተውኝ ስለ ልጃቸው ያደረባቸውን ሐሳብ አጫወቱኝ። ልጁ ዕድሜው ሃያ አንድ ዓመት ነው፤ የኮምፒዩተር ትምህርት ይማራል፤ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ደግሞ ጨዋታ የሚሠሩ ወጣቶች ወደሚሰበሰቡበት አዳራሽ ይሄዳል። እናቲቱ ነገሩን በዐይናቸው ለማየት ስለ ፈለጉ፣ በአንደኛው ቅዳሜ ምሳውን ቋጥረው «ረስተኸው ሄድህ» በሚል ሰበብ ከአዳራሹ በር ደረሱ።

«መምህር፣» አሉኝ፤ «ኮምፒዩተር የሚባል አንድም አላየሁ። ጢም ያወጡ ሰዎች እንደ ሕፃናት ወለል ላይ ተቀምጠው ወረቀት ይቆርጣሉ፤ ባቄላ ይደረድራሉ፤ ይሳሳቃሉ። የእኔም ልጅ መቀስ ይዞ ቆሟል። ከጉሮሮዬ ነጥቄ የማስተምረው ለዚህ ነውን?»

ለጊዜው የረባ መልስ አልሰጠኋቸውም። ጥያቄው ግን የሚገባ ጥያቄ ነው። በኮምፒዩተር የሚታይ ጨዋታ የሚሠራ ሰው ስለ ምን በወረቀት ይለማመዳል? ስለ ምንስ ብቻውን በቤቱ ከማሰብ ይልቅ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋራ ተቀምጦ ይከራከራል? በዚህ ወር በዚሁ ላይ ጥቂት እንነጋገር።

የኮምፒዩተርና የእጅ ስልክ ጨዋታ የሚሠሩ ሰዎች በየከተማቸው እየተሰበሰቡ መመካከር ከጀመሩ ብዙ ዓመታት ዐልፈዋል። በአሜሪካ ኧርነስት አዳምስ የተባለ የጨዋታ ነዳፊ በ1994 ዓ.ም. ሙያተኞቹን የሚያሰባስብ ማኅበር አቋቋመ (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)። ይህ ማኅበር በኋላ ዓለም አቀፍ የሚል ስም ይዞ በልዩ ልዩ ከተሞች ቅርንጫፍ አበጀ። ከእርሱም ውጭ ማንም ሳያዛቸው በራሳቸው ፈቃድ የሚሰበሰቡ ሞልተዋል። የስብሰባው ሥርዓት በየቦታው ይለያያል፤ ንግግር የሚሰማበት አለ፤ ሥራ የሚፈለግበትም አለ። በብዙዎቹ ዘንድ ግን በቡድን ሆኖ ጨዋታ የመንደፍ ልምምድ የተለመደ ነው።

ልምምዱም እንዲህ ነው። የመጡት ሰዎች አራት አራት ወይም አምስት አምስት ሆነው ይመደባሉ። ጥሩ መሪ የሚተዋወቁትን ይለያይና ሥዕል የሚያውቀውን ከኮምፒዩተር ዐዋቂው፣ አዲሱን ከነባሩ ጋራ ያስቀምጣል። በየጠረጴዛው ወረቀት፣ መቀስ፣ እርሳስ፣ የልብስ ቁልፍ፣ ባዶ ካርድ፣ እንደ ሉዶ ያለ ዳይስም ይታደላል። ከዚያ በኋላ አጭር ትእዛዝ ይነገራል፦ «ዳይስ የሌለበት የእሽቅድምድም ጨዋታ ሥሩ»፤ ወይም «ተጫዋቾቹ ሁሉ ተረዳድተው የሚያሸንፉበት፣ አለዚያም አብረው የሚሸነፉበት ጨዋታ ሥሩ»፤ ወይም «የምታውቁትን ጨዋታ ወስዳችሁ አንዲት ሕግ ብቻ ለውጡ»። ጊዜው አጭር ነው፤ ሩብ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት ይሆናል። ጊዜው ሲያልቅ ቡድኖቹ ጠረጴዛ ተለዋውጠው አንዱ የሌላውን ጨዋታ ይጫወታል። የታየው ጕድለት ይጻፋል፤ ሠሪዎቹ ተመልሰው ያርማሉ፤ እንደገናም ይሞከራል።

ወረቀት የተመረጠበት ምክንያት ቀላል ነው። አንድን ጨዋታ በኮምፒዩተር ለመሥራት ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። ብዙ የደከሙበትን ነገር «አይረባም» ብሎ መጣል ለሰው ልጅ እጅግ ይከብደዋል፤ ስለዚህ የማይረባውን እያባበለ ይቀጥላል። በዐሥር ደቂቃ የተቆረጠ ወረቀት ግን ያለ ሐዘን ይቀደዳል። በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው ትሬሲ ፉለርተን በ2004 ባወጣችው የማስተማሪያ መጽሐፍ፣ ተማሪው መጀመሪያ በወረቀት ሠርቶ በሰዎች እንዲፈትን ትመክራለች። ብሬንዳ ብራትዌይትና ኢያን ሽራይበር በ2008 ያሳተሙት መጽሐፍ ደግሞ ያለ ኮምፒዩተር በሚሠሩ ልምምዶች የተሞላ ነው።

በቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ይህ አካሄድ እንግዳ አይሆንበትም። ጀማሪው ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይነሣል እንጂ ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ አይዘልም። የቈጠረውን በመምህሩ ፊት ይናገራል፤ መምህሩ ይነቅፋል፣ ያርማል፤ በማግሥቱም ተማሪው አዲስ ይቈጥራል። የትናንቱን ይዞ የመጣ ምስጋና የለውም።

ከመጀመሪያዎቹ ልምምዶች አንዱን ልግለጽላችሁ፤ ከልጆቻችሁ ጋራ ዛሬ ማታ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። በወረቀት ላይ መንገድ ይሣላል፤ መንገዱ በትናንሽ ቤቶች ይከፈላል፤ መነሻና መድረሻ ይደረግለታል፤ ተጫዋቾቹ እነማን እንደ ሆኑና ስለ ምን እንደሚሮጡ ይወሰናል። አንዱ ቡድን በጎች ከጅብ ሲሸሹ ይላል፤ ሌላው ተማሪዎች ደወል ሳይደወል ትምህርት ቤት ለመድረስ ሲሮጡ ይላል። በዳይስ ይንቀሳቀሳሉ፤ አንዳንዱ ቤት ወደ ፊት ይወረውራል፤ አንዳንዱ ወደ ኋላ ይመልሳል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጨዋታው ይጠናቀቃል፤ ሁሉም ይደሰታል።

ከዚያ በኋላ መሪው አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ «ተጫዋቹ የሚመርጠው የቱ ላይ ነው?» በጠረጴዛው ዙሪያ ዝምታ ይወርዳል። ምርጫ የሚባል ነገር የለማ! ተጫዋቹ ዳይሱን ያንከባልላል፤ የቀረውን ሁሉ ዳይሱ ይሠራል። እርሱ ወጥቶ ቢሄድና ጎረቤቱ ቢያንከባልልለት ምንም አይለወጥም። ያን ጊዜ ቡድኑ ይነቃል። አንዱ «ሁለት ዳይስ ያንከባልልና አንዱን ይምረጥ» ይላል፤ ሌላዋ «መንገዱን ለሁለት እንክፈለው፤ አንዱ አጭርና አደገኛ፣ ሌላው ረጅምና ሰላማዊ ይሁን» ትላለች። እንዲህ ያለች አንዲት ሕግ ስትገባ፣ ቀድሞ እያዛጋ ይጫወት የነበረው ሰው ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ ብሎ ማሰብ ይጀምራል። ሰውየው ያው ሰውዬ ነው።

ለዚህ ዐይነቱ ልምምድ የሚያገለግል ትምህርት ከጻፉት መካከል ሮቢን ሁኒኪ፣ ማርክ ለብላንክና ሮበርት ዙቤክ ይገኛሉ። ከ2001 እስከ 2004 በካሊፎርኒያ በሳን ሆዜ ከተማ በተደረገው የጨዋታ ሠሪዎች ታላቅ ጉባኤ ላይ በቡድን ልምምድ የዳበረውን ሐሳብ በ2004 በጽሑፍ አወጡት። ጨዋታን በሦስት ይከፍሉታል። የመጀመሪያው ሕጉ ነው። ሁለተኛው፣ ሕጉ በሰዎች እጅ ገብቶ ሲሠራ የሚታየው አካሄድ ነው። ሦስተኛው በተጫዋቹ ልብ የሚያድረው ስሜት ነው፤ ይኸውም ጉጉት፣ ፍርሃት፣ የመፈተን ደስታ፣ የአብሮነት ደስታ ሊሆን ይችላል። ሠሪው በሕጉ በር ይገባል፤ ተጫዋቹ ግን በስሜቱ በር ይገባል። ሠሪው በእጁ ሊነካው የሚችለው ሕጉን ብቻ ስለ ሆነ፣ ከሕጉ ምን ዐይነት ስሜት እንደሚወለድ በሰው ላይ ሳይፈትን ሊያውቅ አይችልም። የልምምዱ ሁሉ ምክንያት ይህ ነው።

ነገሩን ከራሳችን ቤት ላሳያችሁ። በአባቶቻችን ሰንጠረዥ ጨዋታው ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር የለም። ወረራ በሚባለው በዚህ ክፍል ሁለቱ ተጫዋቾች አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ጭፍራቸውን እንደ ልባቸው ያንቀሳቅሳሉ፤ ተራ የሚጠበቀው የመጀመሪያው ጭፍራ ከተበላ በኋላ ነው። ከአውሮጳው ቼዝ ጋራ ስታነጻጽሩት ሰሌዳው በመልኩ ይቀራረባል፤ ንጉሡም ፈረሱም በሁለቱ ዘንድ አሉ። በአንደኛው ግን ተጫዋቹ አገጩን ደግፎ በጸጥታ ያስባል፤ በሌላው እጁ የራሱን እየደረደረ ዐይኑ ከባላጋራው እጅ አይነቀልም። ይህን ሁሉ ልዩነት ያመጣችው ስለ ተራ የምትናገረው ሕግ ናት።

የዚህ ተቃራኒም አለ፤ ሕጉ ሳይለወጥ ስሜቱ ብቻ የሚለወጥበት። ማርክ ለብላንክ ለትምህርት የሚጠቀምበት አንድ ጨዋታ አለ። ከ1 እስከ 9 ያሉት ቍጥሮች በወረቀት ይጻፋሉ፤ ሁለት ሰዎች በየተራ አንድ አንድ ቍጥር ያነሣሉ፤ ከያዛቸው ቍጥሮች መካከል ሦስቱ ተደምረው 15 የሆኑለት ያሸንፋል። ሞክሩት፤ ልጆች ጣታቸውን እየቈጠሩ ይጨነቃሉ። አሁን ደግሞ ቍጥሮቹን በሦስት ረድፍ እንዲህ ጻፏቸው፦ በላይኛው 2፣ 7፣ 6፤ በመካከለኛው 9፣ 5፣ 1፤ በታችኛው 4፣ 3፣ 8። ወደ ጎን ብትደምሩ፣ ከላይ ወደ ታች ብትደምሩ፣ በአግድም ከጥግ ወደ ጥግ ብትደምሩ 15 ነው። እንግዲህ ያ አስጨናቂ የቍጥር ጨዋታ፣ ልጆች በዘጠኝ ቤት ላይ ክብና መስቀለኛ ምልክት እያደረጉ ሦስቱን በአንድ መሥመር ለማግኘት ከሚጫወቱት ጋራ በሕጉ አንድ ነው ማለት ነው። አንዱ የሒሳብ ፈተና ይመስላል፤ ሌላው የዕረፍት ሰዓት ጨዋታ። በተማሪዎቼ ፊት ይህን ሰሌዳ የገለጥሁበት ቀን ከጩኸቱ የተነሣ የጎረቤት ክፍል መምህር መጥቶ በሩን አንኳኳብኝ።

በሳን ሆዜው ልምምድ ላይ ለቡድኖቹ የሚሰጠው አንዱ ጨዋታ ሲሲፋይት ይባላል፤ በኢንተርኔት የወጣ ነው፤ ለልምምዱ ግን በካርድ ተዘጋጅቷል። ርእሱ በትምህርት ቤት ግቢ የሚናቈሩ ልጃገረዶች ስለ ሆነ ለቤታችን አልመርጠውም። ሕጉ ግን ያስተምራል። እያንዳንዱ ተጫዋች ማንን እንደሚያጠቃ ወይም ራሱን እንደሚከላከል በምስጢር ይመርጣል፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገልጣሉ። ብቻውን የሚያጠቃ ጥቂት ይጎዳል፤ ሁለትና ከሁለት በላይ ሆነው አንዱን ሲያጠቁ ጉዳቱ ይበረታል። ስለዚህ በትሕትና የተቀመጡ፣ ከግማሽ ሰዓት በፊት የተዋወቁ ሙያተኞች ጆሮ ለጆሮ ማንሾካሾክና መማማል ይጀምራሉ። ማንም «አድሙ» ብሎ አላዘዛቸውም። መሪው ቀጥሎ ቡድኖቹ ይህንኑ ጨዋታ ለሌላ ታሪክ እንዲስማማ አድርገው እንዲለውጡት ያዛል። ሥዕሉንና ስሙን ብቻ የቀየረ ቡድን ሲጫወት ያው ሹክሹክታ ይመለስበታል፤ ያን ጊዜ ክፋቱ ከልጃገረዶቹ ሥዕል እንዳልመጣ ይገባዋል።

እኔም ይህን ካነበብሁ በኋላ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቼን በአራት ቡድን ከፍዬ ገበጣ ሰጠኋቸውና «አንዲት ሕግ ብቻ ለውጡ» አልኋቸው። ገበጣ ለዚህ የሚመች ነው፤ ራሱም ሲለወጥ የኖረ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪቃ ቀንድ ከመቶ በላይ ዐይነት አጨዋወት መዝግበዋል። ከአራቱ ቡድኖች አንደኛው ርኅራኄ አደረበት። በገበጣ ጠጠር የበዛለት እየበዛለት፣ ያነሰበት እያነሰበት ሲሄድ አይተው «ጠጠሩ ያነሰበት ተጫዋች ሁለት ጊዜ ይጫወት» የሚል ሕግ አወጡ። ሐሳባቸው መልካም ነበር። ሌሎቹ ልጆች ሊጫወቱት በተቀመጡ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ግን ጠጠር የሚፈልግ ጠፋ! እያንዳንዱ ከሌላው አንሶ ለመገኘት ይታገላል፤ መብላት ሲገባው ሳይበላ ያልፋል፤ ጨዋታውም አላልቅ አለ። ከሠሪዎቹ አንዱ ተናድዶ «በትክክል እየተጫወቱ አይደለም!» ብሎ ጮኸ። ከዚያው ቡድን የሆነች፣ በክፍል ውስጥ ብዙ የማትናገር ልጅ «በትክክል እየተጫወቱ ነው፤ እንዲህ ያደረግናቸው እኛ ነን» አለችው። ሕጉን አስተካክለው «በየአምስት ዙሩ አንድ ጊዜ ብቻ» አሉት፤ ይሻላል፤ ፍጹም ግን አልሆነም።

እነዚህ ልጆች ሳያውቁት የነኩት ነገር የቈየ ጥያቄ ነው። ኤልዛቤት ማጊ የተባለች አሜሪካዊት በ1904 የባለቤትነት ማረጋገጫ ያገኘችበት «የባለ ርስቱ ጨዋታ» የሚባል ሰሌዳ ነበራት። ለዚህ ሰሌዳ ሁለት ዐይነት ሕግ አበጀች። በአንደኛው ርስት የገዛ ሰው ከሌላው ኪራይ እየሰበሰበ እስኪያደኸየው ድረስ ይሄዳል፤ በሌላው ሀብት ሲፈጠር ሁሉም ይካፈላል። ተጫዋቾቹ ሁለቱን ሞክረው ልዩነቱን በራሳቸው ኑሮ እንዲያዩት ነበር አሳቧ። በ1935 ፓርከር ወንድማማቾች የተባለው ድርጅት መብቷን በ500 ዶላር ገዛት። ከእርሷ ጨዋታ የተወለደው ሞኖፖሊ ዓለምን ሲዞር የመጀመሪያውን ሕግ ብቻ ይዞ ዞረ፤ ሁለተኛው ተረሳ።

ወደ ጠረጴዛው እንመለስ። በዚህ ልምምድ ከሕጉ ይልቅ የሚከብደው አብሮ መሥራቱ ነው። እርሳሱን የያዘ ሰው ሳያውቀው አለቃ ይሆናል። ድምፁ የጎላው ሐሳቡ የጎላ ይመስለዋል። አንዳንድ መሪዎች ስለዚህ እርሳሱ በየአምስት ደቂቃው እጅ እንዲለውጥ ያዛሉ፤ ወይም ክርክሩ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ በየወረቀቱ ብቻውን እንዲጽፍ ያደርጋሉ። ሁለት ሰዎች በአንዲት ሕግ ላይ ሲጨቃጨቁ ደግሞ «ተጫወቱትና እዩ» የምትል ቃል ክርክሩን ትቈርጠዋለች፤ በሁለት ደቂቃ የሚፈተን ነገር ላይ ግማሽ ሰዓት መከራከር ያሳፍራልና።

ከሁሉ የሚከብደው የዝምታው ደንብ ነው። የሠራኸውን ሌላ ሰው ሲጫወተው አፍህን ዘግተህ ቁም ይላሉ። ተጫዋቹ ሕጉን ቢስት አታርመውም፤ ቢሳሳት አትረዳውም፤ «እንዲህ ማለታችን ነበር» አትልም። ጨዋታው ከእጅህ ወጥቶ ወደ ሰው ቤት ሲገባ አንተ አብረኸው ገብተህ አታስረዳምና። እኔ ሃያ ዓመት ስናገር የኖርሁ መምህር ስለ ሆንሁ ይህን ደንብ በመጀመሪያው ቀን ሦስት ጊዜ አፈረስሁት፤ በአራተኛው አንድ የዐሥራ ሦስት ዓመት ተማሪዬ በአክብሮት ጣቱን በከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም አሰኘኝ።

ይህ የሩብ ሰዓት ልምምድ ሲሰፋ «ጌም ጃም» ወደሚባለው የሁለት ቀን ስብሰባ ይደርሳል። በ2002 በካሊፎርኒያ በኦክላንድ ጥቂት ዐዋቂዎች ተሰብስበው ሞከሩት፤ በ2006 በኮፐንሃገን የሰሜን አውሮጳ ሰዎች ተከተሉ። ከላይ ስሙን ያነሣሁት ኢያን ሽራይበር ከሱዛን ጎልድና ከጎርም ላይ ጋራ ሆኖ «ግሎባል ጌም ጃም» የተባለውን ጀመረ፤ የመጀመሪያው በእኛ አቆጣጠር ጥር 22 ቀን 2001 ዓ.ም. ተከፍቶ በ23 ሀገሮች በ53 ስፍራዎች በአንድ ጊዜ ተደረገ። ሥርዓቱ በ48 ሰዓት ውስጥ ለሁሉ በተሰጠ አንድ ርእስ ላይ ጨዋታ ሠርቶ መጨረስ ነበር። ርእሱ ሁልጊዜ ቃል አይደለም፤ በ2012 የራሱን ጅራት የሚውጥ እባብ ሥዕል ነበር፤ በ2013 ደግሞ የልብ ትርታ ድምፅ ብቻ ተሰማና «በዚህ ላይ ሥሩ» ተባለ። እንቅልፍ አጥቶ መሥራትን እንደ ጀግንነት የሚቈጥሩ ወጣቶች እዚያ ይገኛሉ፤ ይህን አልወድላቸውም። ተኝቶ የመጣ ቡድን ጥቂት ሠርቶ ብዙ እንደሚጨርስ ከፈተና ሰሞን ተማሪዎች ተምረናል።

አንባቢ ምናልባት «ይህ ሁሉ ለእኛ ቤት ምን አገባው?» ይል ይሆናል። ያገባዋል። ልጆቻችን በእጅ ስልካቸው ላይ ጎንበስ ብለው የሚያመሹባቸውን ጨዋታዎች ሕግ የጻፈ ሰው አለ። ዛሬ ካልተመለስህ የሰበሰብኸው ይጠፋል የምትለዋ ሕግ ራሷ አልበቀለችም። በገንዘብ የሚገዛ፣ ሳይከፈት ግን ምን እንዳለበት የማይታወቅ የዕድል ሣጥንም እንዲሁ፤ የቤልጅግ የቁማር ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2018 በአንዳንድ ጨዋታዎች የሚሸጠውን ይህን ሣጥን ቁማር ነው ብሎ ወስኖበታል። እንዲህ ያለውን ሕግ የነደፉት ሰዎች ሕግ በሰው ላይ ምን እንደሚሠራ ጠንቅቀው ያወቁ ናቸው። ልምምዱ እንግዲህ ለሁለቱም ይሆናል፤ ሰውን አስሮ ለማስቀረትም፣ ሰውን ለማስደሰትም። ዕውቀቱ ብቻውን ደግ አያደርግም። ይሁን እንጂ ከፊቱ ተቀምጦ የሚጫወተውን ሰው ፊት እያየ የተማረ ወጣትና፣ ተጫዋቹን በቍጥር ሰንጠረዥ ላይ ብቻ የሚያውቅ ሰው አንድ ይሆናሉ ብዬ አላምንም። በሀገራችንም ጨዋታ መሠራት ጀምሯል፤ አዲስ አበባ የተሠራው «ኩኩሉ» የተባለው የስልክ ጨዋታ ከምትሸሽ ዶሮ የተነሣ ነው። ይህን የሚሠሩት የማን ልጆች ናቸው? የእኛው ናቸው።

ለእኒያች እናትም በሁለተኛው ጊዜ ስንገናኝ ይህን በአጭሩ ነገርኋቸውና አንድ ምክር ጨመርሁ፦ «እነዚህ ልጆች ጨዋታውን አይቶት የማያውቅ ሰው ለሙከራ ይፈልጋሉ፤ ሂዱና ተጫወቱላቸው»። እንቢ ብለው ነበር፤ በኋላ «አንተም ከመጣህ» አሉ፤ አብረን ሄድን።

የልጃቸው ቡድን የሠራው የገበያ ጨዋታ ነበር። አራት ነጋዴዎች ባቄላ ይዘው በወረቀት መንገድ ላይ ይሄዳሉ፤ በየመንገዱ ቀረጥ ይከፍላሉ፤ ዘንቢላቸውን ቀድሞ የሞላ ያሸንፋል። እናቲቱ ከሦስት ወጣቶች ጋራ ተቀመጡ። ልጃቸው ከግድግዳው ተደግፎ፣ እንደ ደንቡ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ቆመ። ዳይሱን አንሥተው «አሁን ምን ላድርግ?» ብለው ቀና ብለው አዩት፤ እርሱ እጁን በአፉ ላይ ጭኖ ዐይኑን ወደ ጣራው አደረገ። እንደ ምንም ገባቸው። ወዲያውም ገበያው ቀናቸው፤ ዘንቢላቸው ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ከጎናቸው ያለችው ልጅ ቀረጥ ከፍላ ባዶ እጇን ቀረች። በሕጉ መሠረት መውጣቷ ነበር። እናቲቱ ከዘንቢላቸው አራት ባቄላ ቈጥረው ከፊቷ አኖሩላት።

ጠረጴዛው ዝም አለ። ይህን የሚከለክል ሕግ አልተጻፈም፤ የሚፈቅድም አልተጻፈም። ልጅቱ በአራቱ ባቄላ ተነሥታ፣ በመጨረሻ አሸነፈች።

ጊዜው ካለቀ በኋላ ልጁ አፉ ተፈትቶለት «እማዬ፣ ለምን ሰጠሻት? ልታሸንፊ እኮ ነበር» አላት።

«አጠገቤ ባዶ እጇን ተቀምጣ ልሙላ?»

ቡድኑ ተጨቃጨቀ። አንዱ «መስጠት ክልክል ነው ብለን እንጻፍ» አለ። ሌላዋ «እንዲያውም ጨዋታው መስጠት ላይ ይሁን፤ የተበደረ ምን ይመልሳል?» አለች። ሦስተኛው ዝም ብሎ ባቄላውን ይቈጥር ነበር። ለማረም የተሰጣቸው ስድስት ደቂቃ ብቻ ነው። ልጁ የድሮውን የሕግ ወረቀት ለሁለት ቀደደ፤ ባዶ ካርድና እርሳስ አንሥቶም ወደ እናቱ ገፋ አደረገና «እስቲ እዚህ ላይ ጻፊልን፤ ማነው መስጠት የሚችለው? መቼ?» አላት።

እናቲቱም ቦርሳቸውን ከፍተው መነጽራቸውን መፈለግ ጀመሩ።